የሸክላው ግልባጭ ምን ይላል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ወደዚህ አምድ የሚመጡት ደብዳቤዎች አብዛኛውን ጊዜ እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም፤ አንዱ ስለ ንብ ማነብ፣ ሌላው ስለ ውርስ ይጠይቃል። በዚህ ወር ግን ከለገጣፎ፣ ከሰበታና ከአቃቂ የተጻፉ ሦስት ደብዳቤዎች በአንድ ዘፈን ዙሪያ ተገናኝተው ስላገኘናቸው፣ የቀሩትን ለሚቀጥለው እትም አቆይተን ገጹን ሙሉ ለእነርሱ ሰጥተናል። ዓ.ም. ብለን ካልጻፍን በቀር የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣ የምኖረው ለገጣፎ ነው። ባለፈው ክረምት ጣራው አፍስሶ የአባቴን አሮጌ ሣጥን ወደ ሳሎን ስናወጣ፣ ከሥሩ በጋዜጣ የተጠቀለለ አንድ ትንሽ ሸክላ አገኘን። ላዩ ላይ ‹ቸቢ ቼከር፣ ዘ ትዊስት› ይላል። አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ይህን ሸክላ ከታኅሣሥ ግርግር በፊት ወደ አገሩ ሊመለስ ዕቃውን ይሸጥ ከነበረ አሜሪካዊ እንደ ገዙት ደጋግመው ይነግሩን ነበር። የልጅ ልጄ ስልኩን ነካ ነካ አድርጎ ‹እማማ፣ ይህ እኮ የዓለም አንደኛ ዘፈን ነበር፤ የኛው አቤል ነው የጣለው› አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ ዘፈኑ አንደኛ ሆኖ የቆየው ሦስት ሳምንት ብቻ መሆኑን አነበበልኝ። ሦስት ሳምንት የነገሠ ዘፈን እንዴት የሁሉ አንደኛ ሊባል ይችላል? ጎረቤታችን በበኩላቸው ‹ዘፈኑ የእሱ አይደለም፣ የሰው ነው የወሰደው› ይላሉ። በመጨረሻም፣ በተዋስነው ማጫወቻ ላይ ስናስቀምጠው ዘፋኙ የሰከረ ሰው ይመስላል። ሸክላው ተበላሽቶ ይሆን?»
ጡረተኛ መምህርት፣ ከለገጣፎ

መልስ፦ ቀላሉ የመጨረሻው ጥያቄዎ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ሸክላዎ አልተበላሸም። የተዋሱት ማጫወቻ ለትልልቆቹ ሸክላዎች በሚሆነው ፍጥነት፣ ማለትም በደቂቃ 33 ዙር ከሲሶ ላይ ተደርጎ ሳለ፣ በደቂቃ 45 ጊዜ እንዲዞር የተቀረጸውን ትንሹን ሸክላ ስላስቀመጡበት ዘፈኑ በሩብ ያህል ዘግይቶ፣ የ18 ዓመት ልጅ ድምፅ የሽማግሌ ድምፅ ሆነብዎ። ከመርፌው ክንድ አጠገብ ያለችውን መቀየሪያ ወደ 45 ያዙሯት። የአሜሪካ ትንንሽ ሸክላዎች የመሐል ቀዳዳቸው ሰፊ ስለሆነ ቀዳዳውን የምትሞላ ክብ ፕላስቲክ ያስፈልጋል፤ እሷን ከማጫወቻው ባለቤት ይጠይቁ፤ ያለ እሷ ሸክላው ትንሽ ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ከተቀመጠ ዜማው በየዙሩ ይወላገዳል። አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ፣ መሥመሩን ተከትለው በዙሪያው ይጥረጉት እንጂ አቋርጠው አይፈትጉት።

ይህን ካደረጉ በኋላ ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ የሚፈጅ ፈጣን ዘፈን ይሰማሉ። ከበሮው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይደክምም፤ ተቀባዮቹ ከኋላ ያጅባሉ፤ መሐሉ ላይ ሳክስፎን ገብቶ ይጮኻል፤ ዘፋኙ ደግሞ ሌላ ምንም ቁም ነገር ሳያነሣ አንዲትን ልጅ ወደ ዳንስ ይጋብዛል። ከግጥሙ ውስጥ አንዲት ሐሳብ ይያዙልኝ፣ ወደ ኋላ እመለስባታለሁና፤ ልጁ ልጅቷን የሚጋብዛት አባቱ ተኝተው፣ እናቱም ከቤት ወጥተው ባሉበት ሰዓት ነው።

አሁን ወደ ጎረቤትዎ ክርክር እንሂድ። ጎረቤትዎ ግማሹን እውነት ይዘዋል። ዘፈኑን የደረሰው ሃንክ ባላርድ የተባለ ድምፃዊ ነው። ሚድናይተርስ ከተባለው ቡድኑ ጋር በ1958 መገባደጃ ቀርጾት፣ በ1959 መጀመሪያ ላይ በሲንሲናቲ ከተማ የነበረው ኪንግ የተባለ የሸክላ ኩባንያ አወጣው። ኩባንያው ግን ተስፋውን የጣለው «ቲርድሮፕስ ኦን ዩር ሌተር» በተባለ ቀዝቃዛ የፍቅር እንጉርጉሮ ላይ ስለነበር፣ «ዘ ትዊስት» በሸክላው ግልባጭ ላይ ተቀመጠ። ግልባጭ ማለት ገዢው ገንዘቡን ያልከፈለበት ወገን ነው፤ ሰው ዋናውን ሲሰለች ገልብጦ ይሰማዋል እንጂ አስቀድሞ አይጠይቀውም። ወጣቶቹ ግን ገለበጡት፤ ገልብጠውም መደነስ ጀመሩ።

በዚያን ጊዜ በፊላዴልፊያ ከተማ ዲክ ክላርክ የሚያቀርበው «አሜሪካን ባንድስታንድ» የተባለ የቴሌቪዥን ዝግጅት ነበር። ከትምህርት ቤት የተለቀቁ ልጆች ስቱዲዮ ገብተው በሸክላ ሲደንሱ የሚያሳየው ይህ ዝግጅት፣ ከ1957 ጀምሮ በኤቢሲ ጣቢያ አማካይነት በመላው አሜሪካ ይታይ ስለነበር፣ አንድ ዳንስ እዚያ ሰኞ ቢታይ ማክሰኞ በሌላው ጫፍ ያሉ ልጆች ያውቁታል። ክላርክ ልጆቹ በአዲሱ ዳንስ መያዛቸውን ባየ ጊዜ፣ የከተማው ልጅ የሆነ ሌላ ድምፃዊ ዘፈኑን እንደገና እንዲሠራው ሐሳብ አቀረበ። ባላርድ በ1954 ያወጣቸው ዘፈኖች ነውር አለባቸው ተብለው ከብዙ ሬዲዮ ጣቢያዎች ታግደው ስለነበር፣ በእኔ ግምት፣ ለቤተሰብ ቴሌቪዥን የሚመች ስም አልነበረውም።

የተመረጠው ልጅ ኧርነስት ኢቫንስ ይባላል። በ1941 በሳውዝ ካሮላይና ተወልዶ ፊላዴልፊያ ያደገ፣ ከትምህርት ሰዓት ውጪ ዶሮ ቤት ይሠራ የነበረና የታዋቂ ድምፃውያንን ድምፅ አስመስሎ በማውጣት የሚታወቅ ወጣት ነበር። የመድረክ ስሙን ያወጣችለት የክላርክ ባለቤት ናት። በጊዜው ፋትስ ዶሚኖ የሚባል ዝነኛ ድምፃዊ ስለነበር፣ «ወፍራም» የሚለውን በ«ቸቢ»፣ «ዶሚኖ» የተባለውን ጨዋታ ደግሞ «ቼከር» በተባለው ጨዋታ ተካችለት። ወደ እኛ ቋንቋ ብንመልሰው «ድንቡሼው ዳማ» እንደ ማለት ነው። ይህ ልጅ አስመሳይነቱ ሙያው ነበርና የባላርድን አዘፋፈን ቁልጭ አድርጎ ቀዳው፤ ባላርድ ራሱ አዲሱን ቅጂ በሬዲዮ ሲሰማ የራሱ ድምፅ መስሎት እንደ ነበር ይናገር ነበር።

ስለዚህ «የሰው ነው» መባሉ ትክክል ነው፤ «ወሰደው» መባሉ ግን ትክክል አይደለም። በሸክላዎ ላይ ከዘፈኑ ርእስ ሥር በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን ስም ይመልከቱ፣ ባላርድ ይላል። የቼከር ሸክላ በተሸጠ ቁጥር ለደራሲ የሚከፈለው ድርሻ የባላርድ ነበር፤ የቼከር ቅጂ ሲነሣም የእሱ የቀድሞ ቅጂ አብሮ ተነሥቶ በ1960 እስከ 28ኛ ደረጃ ወጥቷል። ሁሉም እንዲህ ዕድለኛ አልነበረም። «ዘ ትዊስት» በ1962 መጀመሪያ ላይ ከአንደኝነት ያወረደው ስለ አንበሳ የተዘፈነ አሜሪካዊ ዘፈን፣ መነሻ ዜማው በ1939 ሶሎሞን ሊንዳ የተባለ ደቡብ አፍሪካዊ የቀረጸው ነው። ሊንዳ መብቱን በ10 ሽልንግ ሸጦ፣ በዚያው በ1962 በድህነት ሞተ፤ ወራሾቹ ድርሻ እንዲያገኙ ስምምነት የተደረሰው በ2006 ነው። ጎረቤትዎ «የሰው ወሰዱ» ብለው መቆጣት ካማራቸው፣ ቁጣቸውን ለዚያኛው ቢያቆዩት ይሻላል።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄዎ የሦስቱ ሳምንት ነገር ነው። በመጀመሪያ የልጅ ልጅዎን አንድ ነገር ላርመው፤ የተባለው ሰንጠረዥ የዓለም ሳይሆን የአሜሪካ ነው። ቢልቦርድ የተባለው መጽሔት ከነሐሴ 1958 ጀምሮ በየሳምንቱ የሚያወጣው የመቶ ዘፈኖች ደረጃ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ የሚሰላው ከሸክላ ቤቶች በሚሰበሰብ የሽያጭ ዘገባና ሬዲዮ ጣቢያዎች በሚያጫውቱት መጠን ነበር። የቼከር ቅጂ በ1960 በጋ ወጥቶ መስከረም 9 ቀን 1953 ዓ.ም. በዋለው ሳምንት፣ እኛ እንቁጣጣሽን አሳልፈን መስቀልን ስንጠብቅ፣ አንደኛ ሆነ። በአንደኝነት የቆየው አንድ ሳምንት ብቻ ነው። ከዚያ ቀስ በቀስ ወርዶ ከሰንጠረዡ ወጣ። ልጆቹም ወደ ሌላ ዳንስ ሄዱ፤ ቼከር ራሱ በ1961 መጀመሪያ ላይ «ፖኒ ታይም» በተባለ የሌላ ዳንስ ዘፈን አንደኛ ወጥቶ ሦስት ሳምንት ቆይቷል። እንደ ማንኛውም የወጣቶች ዘፈን ቢሆን ኖሮ ታሪኩ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር።

አላበቃም። በ1961 መጸው፣ በኒው ዮርክ 45ኛው ጎዳና ላይ የምትገኝ ፔፐርሚንት ላውንጅ የተባለች ጠባብ የምሽት ቤት ድንገት የከተማው መነጋገሪያ ሆነች። ጆይ ዲ የተባለ ድምፃዊ ከቡድኑ ጋር የሚጫወትባት ይህች ቤት፣ የፊልም ተዋንያን፣ ባለጸጎችና ባለ ካባ ወይዛዝርት ሠራተኛውና መርከበኛው መሐል ገብተው ትዊስት የሚደንሱባት ቤት ሆነች፤ ጋዜጦችም ማን ከማን ጋር እንደ ታየ መጻፍ ጀመሩ። ያን ጊዜ ወላጆች፣ ልጆቻቸው ዓመት ሙሉ ሳሎን ውስጥ ሲያደርጉት የነበረውንና «ምንድነው ይሄ?» ሲሉት የከረሙትን ነገር ለመማር ተሰለፉ። ቼከር ጥቅምት 22 ቀን 1961 አዋቂዎች በሚመለከቱት በኤድ ሰሊቫን የእሑድ ምሽት ዝግጅት ላይ ቀርቦ ዘፈነው፤ በኅዳር ወር ያው ሸክላ፣ አዲስ ቅጂ ሳይሠራለት፣ ወደ ሰንጠረዡ ተመለሰ፤ ጥር 5 ቀን 1954 ዓ.ም. እንደገና አንደኛ ሆኖ ሁለት ሳምንት ቆየ። ቀጥሎ ከዙፋኑ ያወረደው የጆይ ዲ «ፔፐርሚንት ትዊስት» ነው፤ ትዊስትን የጣለው ሌላ ትዊስት ሆነ ማለት ነው።

ያዙልኝ ያልኩዎት የግጥም ሐሳብ እዚህ ላይ ትመጣለች። ዘፈኑ በመጀመሪያው ዙር የተሸጠው አባት በተኛበት ለሚደንሱት ልጆች ነበር፤ በሁለተኛው ዙር የተሸጠው ከእንቅልፉ ለተነሣው ለራሱ ለአባትየው ነው። አንዱን ሸክላ ሁለት ትውልድ በየተራ ሄዶ ገዛው። አንደኛ ሆኖ ከሰንጠረዡ ጨርሶ ከወጣ በኋላ በሌላ ጊዜ ተመልሶ እንደገና አንደኛ የወጣ ሌላ ዘፈን፣ የማራያ ኬሪ የገና ዘፈን በ2020 ይህን እስኪደግም ድረስ፣ አልተገኘም። እሱም ቢሆን በየዓመቱ በዓሉ ጎትቶ ያመጣዋል፤ ትዊስትን ግን የጎተተው በዓል አልነበረም።

በሁለቱም ዙር ዘፈኑ በሰንጠረዡ ላይ የቆየው በድምሩ 39 ሳምንት ነው። ቢልቦርድ በ2008 የሰንጠረዡን 50ኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ የዘመናት ሁሉ ስሌት ሲያወጣ፣ አንደኛ ለሆነበት ሳምንት ብዙ ነጥብ፣ ዝቅ ላለው ደረጃ አነስ ያለ ነጥብ እየሰጠ፣ ዘፈኖች በፍጥነት ይለዋወጡበት የነበረውን ዘመን ከዛሬው ጋር ለማስተያየትም ማስተካከያ አድርጎ ደመረና «ዘ ትዊስት» አንደኛ ወጣ። በ2013ም በ2018ም ቦታውን አልለቀቀም። ስለዚህ ስድሳ ዓመት አንደኛ ተብሎ የኖረ አይደለም፤ ስሌቱ በወጣ ጊዜ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ነው ማዕረጉ የተሰጠው። ከእሱ ይልቅ ብዙ ሳምንት አንደኛ የሆኑ ዘፈኖች በርካታ ናቸው። እኔ በግሌ እንዲህ ያለውን «የዘመናት አንደኛ» ዝርዝር እንደ ቁም ነገር ከመያዝ እንደ ቡና ላይ ጨዋታ ማየት ይቀለኛል።

ቦታው የተለቀቀው በኅዳር 2021 ነው። ዘ ዊኬንድ በሚል ስም የሚታወቀው፣ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ካናዳ ቶሮንቶ የተወለደውና አማርኛ የመጀመሪያ ቋንቋው የሆነው አቤል ተስፋዬ፣ «ብላይንዲንግ ላይትስ» በተባለው ዘፈኑ ያን ቦታ ያዘ። የእሱ ዘፈን አንደኛ ሆኖ የቆየው አራት ሳምንት ነው፤ ብልጫው ግን እዚያ ላይ አይደለም። በአሥሩ ከፍተኛ ደረጃዎች ውስጥ 57 ሳምንት፣ በሰንጠረዡ ላይ በጠቅላላው 90 ሳምንት ቆይቷል። እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ልብ ይሏል። ዛሬ በስልክ የሚደመጥ ዘፈን በተደመጠ ቁጥር ይቈጠራል፤ ያን ጊዜ ግን ሸክላ የሚቈጠረው ሲሸጥ ነበር። ለአባትዎ የሸጠላቸው አሜሪካዊ በአገሩ ሸክላ ቤት ገብቶ ገንዘቡን ሲከፍል አንድ ጊዜ ተቈጠረ፤ አባትዎ ከዚያ በኋላ በሳሎናቸው መቶ ጊዜ ቢያስጨፍሩበት ቢልቦርድ የሰማው ነገር የለም። የልጅ ልጅዎ በአንድ ከሰዓት በኋላ አሥር ጊዜ ቢያዳምጥ ግን፣ አሜሪካ ቢሆን ኖሮ፣ አሥሩም በቈጠራው በገባ ነበር። ይህን ሳስብ 39ኙ ሳምንት አያንሱብኝም።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅዎ። ሸክላውን ገልብጠው ከጀርባው ያለውን የዘፈን ስም ያንብቡልኝ። የአሜሪካው ፓርክዌይ ኩባንያ ያተመው ከሆነ፣ በ1960 የወጣው የመጀመሪያው እትም በግልባጩ «ቱት» የሚል ዘፈን አለው፤ በ1961 መጨረሻ ላይ ለሁለተኛው ዙር የታተመው ግን በግልባጩ «ትዊስቲን ዩ ኤስ ኤ» የሚለውን ይዟል። አባትዎ እንዳሉት ከታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ግርግር በፊት ተገዝቶ ከሆነ ሊኖረው የሚችለው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የሰበታ ልጅ ነኝ። ወላጆቼ የተጋቡበትን 50ኛ ዓመት በግቢያችን ድንኳን ጥለን ልናከብር ነው። ሁለቱም በጉብዝናቸው ወራት ትዊስት ይደንሱ እንደ ነበር ስለሚያወሩ፣ እኔና እኅቶቼ ሳንነግራቸው ተለማምደን ልናስደንቃቸው አስበናል። ከስልክ እያየን ሞከርነው፤ ታናሽ እኅቴ ግን ‹ይህ ትዊስት ሳይሆን ጎንደር ነው› ብላ ሳቀችብን። የት ላይ ነው የተሳሳትነው?»
ከሰበታ

መልስ፦ እኅትህ የሳቀችው በትክክል ነው። በእስክስታ ያደገ ሰው ሙዚቃ ሲሰማ ትከሻው ይቀድመዋል፤ ወገቡ ግን ዝም ብሎ ትከሻውን ይሸከማል። ትዊስት የዚህ ተቃራኒ ነው። ቼከር ዳንሱን ሲያስረዳ የሚለው ቀላል ነገር ነበር፦ በሁለት እግርህ ሁለት የሲጋራ ቁራጭ መሬት ላይ እያጠፋህ እንደ ሆነ አስብ፤ በእጆችህ ደግሞ ገላህን ታጥበህ ስትወጣ በፎጣ ጀርባህን እንደምታደርቅ አድርግ። በዚህ ውስጥ ዳንሱ በሙሉ አለ።

ሲብራራ እንዲህ ነው። እግሮችህን በትከሻህ ስፋት ልክ አራርቀህ ቁም፤ ጉልበትህን ትንሽ ሸብረክ አድርግ፤ ክብደትህን ተረከዝህ ላይ ሳይሆን ወደ ጣቶችህ ሥር አምጣው። ከዚያ ተረከዞችህ ወደ ቀኝ ሲሄዱ ክንዶችህ ወደ ግራ፣ ተረከዞችህ ወደ ግራ ሲመለሱ ክንዶችህ ወደ ቀኝ ይሂዱ። ልብስ ሲጨመቅ ሁለቱ ጫፎች በተቃራኒ አቅጣጫ እንደሚዞሩት ማለት ነው። ትከሻህ ብቻውን ከተንቀጠቀጠ ወዲያው አቁምና ከእግርህ ጀምር። ይህ ከለመደልህ ቀስ እያልክ ወደ ታች ዝቅ ብለህ ትነሣለህ፤ አንዳንዴም ክብደትህን በአንድ እግር ላይ ጥለህ ሌላውን ከመሬት ታነሣለህ። የጉራጌ ጭፈራ የምታውቅ ከሆነ ለእግርህ ፍጥነት ከእስክስታው ይልቅ ያ ይረዳሃል።

እስካሁን ያልጠየቅኸኝ፣ እኔ ግን የሚያሳስበኝ ነገር ወለሉ ነው። ትዊስት የሊሾ ዳንስ ነው። ጫማው ለስላሳ ወለል ላይ ካልተንሸራተተ፣ የሚጠመዘዘው ጫማው መሆኑ ይቀርና ጉልበት ይሆናል፤ ለዚህም ነው ታች ላስቲክ ያለው ስፖርት ጫማ የማይመከረው፤ ቆዳ መርገጫ ያለው ጫማ ይሻላል። በድንኳን ውስጥ በአፈር ላይ ከሆነ ደግሞ አይሽከረከርም፣ አቧራ ብቻ ይነሣል። ቄጤማ የተጎዘጎዘበት ላይ ከሆነ ነገሩ ይብሳል፤ እርጥብ ቄጤማ ላይ ተረከዙን ያዞረ ሰው ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም፣ በተለይ ሰባ ዓመት የሞላው ሰው። ከድንኳኑ አንድ ጥግ ሦስት አራት ኮምፔንሳቶ አጋጥማችሁ ዘርጉ፤ ጫፍና ጫፉ እንዳይነሣ በምስማር ያዙት፤ ከዚያ ቄጤማውን ከዚያ ጥግ አርቁት። ወላጆችህ ራሳቸው ተነሥተው ከገቡ ወደ ታች ዝቅ የሚለውን አትጋብዙአቸው፤ ቆመው ቢጠማዘዙ ይበቃል። ዘፈኑም ሁለት ደቂቃ ተኩል ብቻ ስለሆነ ከማድከሙ በፊት ያልቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። በአሜሪካ አንዳንድ አዋቂዎች ስለ ወገቡ እንቅስቃሴ ሲቆጡ፣ ሌሎችን ያስገረማቸው ሁለቱ ደናሾች እጅ ለእጅ አለመያያዛቸው ነበር፤ ከዚያ በፊት የነበረው የጥንድ ዳንስ ወንዱ ሴቷን ይዞ የሚመራበት ነበርና። ለእኛ ግን ፊት ለፊት ቆሞ ሳይነካኩ መጫወት አያቶቻችንም የሚያውቁት ነው። እናትህና አባትህ ትዊስትን በቀላሉ የለመዱት በዚህ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ «ቴሌቪዥን ባልነበረበት ዘመን ይህ ዳንስ አዲስ አበባ እንዴት ደረሰ?»
የታሪክ ተማሪ፣ ከአቃቂ

መልስ፦ ድምፁ ከምስሉ ቀድሞ ደረሰ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ዘፈኑ ሁለቱንም ዙሩን ከጨረሰ ቆይቷል። ስለዚህ ዳንሱን ያየ ሰው ላላየው አሳየ እንጂ ከቴሌቪዥን መስታወት ላይ የተማረ አልነበረም። የአሜሪካ ሸክላ በሰው እጅ ይመጣ ነበር፤ አሥመራ የነበረው የቃኘው የአሜሪካ ጦር ሰፈር የራሱ ሬዲዮ ነበረው፤ ከመስከረም 1962 ጀምሮ ደግሞ የሰላም ጓድ መምህራን በብዛት ወደ አገሪቱ ገብተዋል። ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ስለነበርና አምሐ እሸቴ በ1969 የራሱን ማሳተሚያ እስኪጀምር ድረስ ይህን የደፈረ ስላልነበረ፣ የለገጣፎዋ አንባቢያችን አባት ሸክላቸውን ወደ አገሩ ከሚመለስ ሰው መግዛታቸው አያስደንቅም።

ዘፈኑን ተቀብለው ወደ መድረክ ያመጡት የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎችን የመሳሰሉ ቡድኖች ዘመን ወጣቶች ናቸው። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ዓለማየሁ እሸቴ በፖሊስ ኦርኬስትራ የጀመረ፣ የሮክ ኤንድ ሮልን አቋቋምና አለባበስ ከአማርኛ ዘፈን ጋር በማዋሐዱም «የኢትዮጵያው ኤልቪስ» የተባለ ድምፃዊ ነው። የተወለደው በ1941፣ ከቸቢ ቼከር ጋር በአንድ ዓመት ነው። የአንተው ሰፈር ሰው የሆኑት አክስቴ ደግሞ፣ ከአቃቂ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ሊሾ የነበረው አንድ ጎረቤት ቤት ብቻ ስለነበር፣ የሰፈሩ ወጣት በሙሉ እሑድ እሑድ «ሻይ ልንጠጣ» እያለ እዚያ ይሰበሰብ እንደ ነበር ይነግሩን ነበር። የቤቱ ባለቤት ሻይ ቅጠሉ ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚያልቅ እስኪገባቸው ድረስ።

ከለገጣፎ የተመለሰ መልስ፦ ገጹ ወደ ማተሚያ ቤት ሊሄድ ሲል ጡረተኛዋ መምህርት ደወሉልን። ማጫወቻውን ወደ 45 አዙረውት ሰካራሙ ሰውዬ ልጅ ሆኖላቸዋል። ሸክላውንም ገልብጠው አንብበዋል፤ «ትዊስቲን ዩ ኤስ ኤ» ይላል። እንግዲህ ሸክላው የሁለተኛው ዙር ነው፤ የታተመውም ግርግሩ ካለፈ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። አባትዎ በዚያን ጊዜ ስንት ዓመታቸው ነበር ብለን ስንጠይቃቸው፣ ሠላሳ አምስት ዓመት የሞላቸው፣ ሦስት ልጆች የወለዱ ሰው እንደ ነበሩ ነገሩን። ቀኑ መዛነፉ ግን እምብዛም አልገረማቸውም። «አባቴ» አሉን፣ «ማንኛውንም ነገር ከሰው ሁሉ ቀድሜ ነው የያዝኩት ማለት ይወዱ ነበር።»